የእግዜር ድልድይ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ያያችሁ የምለውን ታውቁታላችሁ። በግራ በኩል ዓባያ ደፍርሶ፣ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ተኝቷል። በቀኝ በኩል ጫሞ ጥርት ብሎ ሰማይ መስሏል። ሁለቱን ሐይቆች የሚለያቸው፣ ወይም የሚያገናኛቸው (ነገሩ እንደ ተመልካቹ ነው) ደን የለበሰ አንድ ወጣ ገባ መሬት አለ። አገሬው «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል።

ከአዲስ አበባ አብሮኝ የመጣ አንድ ወዳጄ ይህን ስም ሲሰማ ብዙ ዝም አለና፣ «ወዴት ነው የሚያሻግረው?» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ቀልድ አልነበረም።

ይህ ወዳጄ በእኛ ሰፈር ቋንቋ «የሞላለት» የሚባል ሰው ነው። ቤት ሠርቷል፤ መኪና አለው፤ ልጆቹ ጥሩ ትምህርት ቤት ይማራሉ። «ሁሉ ሞልቶልኝ እኔ ጎደልኩ» ይላል። የጎደለውን ፍለጋ ያልሄደበት የለም። ጠበል ብሎ ገደል ወርዷል። ጉባኤ ብሎ ሌሊቱን ቆሞ አድሯል። የመሥሪያ ቤት ጓደኛው ጋብዞት በሌላውም አዳራሽ እጁን አንሥቶ ዘምሯል። በዚያው ሰሞን ልቡ ይሞላል፤ ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ተመልሶ ይጎድላል። «ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ፈልጌ መንገዱ ጠፋኝ» አለኝ ሐይቆቹን እያየ።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ታሪክ ማገላበጥ ግን እወዳለሁ። የቆምንበት አገር ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠይቅ የኖረ አገር ነው። ስለዚህ ስብከት ሳይሆን ታሪክ ልንገርህ አልኩት። የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

በ16ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ አባ ባሕርይ የሚባሉ የጋሞ መነኩሴ ነበሩ። ከዓባያ በላይ፣ ደጋው ላይ ካለችው ከጥንታዊቷ ብርብር ማርያም ጋር የሚያገናኟቸው አሉ። በጊዜው ጦርነቱ አገራቸውን ጋሞን አጠፋ፤ እሳቸውም ያላቸውን ሁሉ ተዘረፉ። ይህን የምናውቀው ራሳቸው ስለጻፉት ነው። በ1593 እ.ኤ.አ. ስለ ኦሮሞ ሕዝብ የጻፉት አጭር ድርሰት እስከ ዛሬ የታሪክ ሰዎች የሚጠቅሱት ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከሌሎች ድርሰቶቻቸው ጋር አዘጋጅተው በ2002 እ.ኤ.አ. አሳትመውልናል።

አባ ባሕርይ ስለ ወራሪዎቻቸው የጻፉት ሁሉ ለዛሬ ጆሮ አይጥምም፤ የተዘረፈ ሰው ብዕር ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላው ክፍል ነው። «እኛ ብዙ ሆነን፣ መሣሪያም እያለን፣ ስለምን ተሸነፍን?» የሚለውን የዘመኑን ጥያቄ ያነሣሉ። አንዳንዱ ሰው በኃጢአታችን ነው እንደሚል ይነግሩናል፤ እዚያ ላይ ግን አያቆሙም። የራሳቸውን ኅብረተሰብ በ10 ክፍል ይከፍሉታል። ከ10ሩ የሚዋጋው አንዱ ብቻ ነው። ከማይዋጉት መካከል አንደኛ አድርገው ያስቀመጡት ማንን ይመስላችኋል? መነኮሳትን! ከመነኮሳቱም ውስጥ ገና በልጅነቱ፣ በትምህርት ላይ ሳለ የመነኮሰ እንዳለ ይጽፉና «የዚህ ታሪክ ጸሐፊም ከእነዚያ አንዱ ነው» የሚል ሐሳብ ይጨምራሉ። ጦርነት ፈርቶ የመነኮሰም እንዳለ አይደብቁም።

እስቲ አስቡት። ቤቱ የተዘረፈ ሰው ጣቱን ሌላው ላይ ቀስሮ ቢያለቅስ ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ግን ራሳቸውንና ቆባቸውን ሳይቀር መዘኑ። በዳዊት መዝሙር አምሳያ የተደረሰው «መዝሙረ ክርስቶስ» የእሳቸው ሥራ እንደሆነም ይነገራል። በአንድ እጅ ምስጋና፣ በሌላው እጅ ራስን መመርመር ማለት ነው። ለወዳጄ እንዲህ አልኩት፤ «የመጀመሪያው የጋሞ ትምህርት ይኼ ነው። ወደ እግዜር የቀረበ ሰው ከሁሉ በፊት ራሱን ያያል።»

«እኔማ ራሴን አይቼ አይቼ ሰለቸኝ» አለ። እኔም ዝም ብዬ ቀጠልኩ።

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የአፄ ምኒልክ ጦር ጋሞን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ጠቀለለ። ክርስትና ለደጋው አዲስ አልነበረም፤ የነብርብር ማርያም ታሪክ ምስክር ነው። በዚህ ጊዜ ግን ታቦትና ነፍጥ በአንድ መንገድ ገቡ። ያው ባለጠመንጃ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ሰኞ ደግሞ ግብር ተቀባይ ሆነ። ገበሬው ገባር ሆነ። ለጌታው ማር ያገባል፤ እህል ይፈጫል፤ አጥር ያጥራል። ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ የሚፈራው ሌላ አለ። የአባቶች መንፈስ አለ፤ ጠንቋይ አለ፤ «ጎሜ» አለ። ጎሜ ማለት ነውርን መተላለፍና እሱን ተከትሎ የሚመጣው መዓት ነው። ልጅ ቢታመም፣ ላም ብትመክን፣ ዝናብ ቢቀር «ማን ምን አጥፍቶ ነው?» ይባላል። ጎሜ ሰውን ከክፉ የሚጠብቅ ትልቅ ሥርዓት እንደነበረ አይካድም። ድሃ ሲታመም ግን ለምልክት ነጋሪው መክፈሉ፣ በግ መጎተቱ አልቀረም። ቀን ሰውን፣ ሌሊት መንፈስን ፈርቶ ማደር ሕይወት ይባላል?

በዚህ ጊዜ፣ በ1910ዎቹ ዓ.ም. ግድም፣ ኤሳ የሚባል ሰው ከጋሞ ተነሣ። ሚሲዮናዊ አላስተማረውም፤ ገና አልመጡም ነበር። ኤሳ የተናገረው ቀላል ነገር ነው። ፈጣሪ አንድ ነው፤ እሱም በላይ ያለው ፆሲ ነው፤ ለመናፍስት መገበራችሁን ተዉ፤ አትስረቁ፤ አትዋሹ፤ በሰው ትዳር አትግቡ። እሁድ እሁድ ተሰብሰቡ፤ ጣታችሁን ማር ውስጥ ነክራችሁ ወደ ሰማይ እየረጫችሁ ወደ ፆሲ ጸልዩ። ይኸው ነው።

ማሩን ልብ በሉልኝ። ማር ለጌታ የሚገባ ግብር ነበር። ኤሳ ያቺን ማር በጣት ጫፍ አንሥቶ ወደ ሰማይ አዞራት። በመሐል ጠንቋይ የለም፤ ምስለኔ የለም። ድሃውም፣ ሴቷም፣ ሸማኔውም ጣት አላቸው። ቃሉ ከጋሞ ወደ ጎፋ፣ ወደ ኩጫ፣ ወደ ወላይታ ተሻገረ። ሕዝብ ሲሰበሰብ የማይወዱ ሹማምንት ደግሞ በየዘመኑ አይጠፉምና ኤሳን አሰሩት። ያቺ ማር ግን ፍርሃትን ከብዙ ሰው ቤት አስወጥታ ነበር። ከዓመታት በኋላ ወንጌል ሰባኪዎች ሲመጡ ሽማግሌዎቹ «ኤሳ የነገረን ይኼንኑ ነው» እያሉ የተቀበሏቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የጋሞ ትምህርት ይኼ ነው። እግዜር ሲቀርብ ፍርሃት ይርቃል።

ወዳጄ፣ «እኔኮ ጠንቋይ አልፈራም» አለ።

«ምን ትፈራለህ?»

ጥቂት አሰበና፣ «ሰው ይበልጠኛል ብዬ እፈራለሁ» አለ። እውነቱን ነው። የእኛ ዘመን መንፈስ ይኼ ነው። ግብሩም ቀላል አይደለም፤ ዕድሜያችንን ሙሉ እንገብርለታለን።

ሦስተኛው ታሪክ ከጎረቤት ይመጣል። የሱዳን የውስጥ አገር ሚሲዮን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወደ ጅማ እንሄዳለን ብለው ተነሥተው በመንገድ ቀሩና በወላይታ፣ በሐዲያና በሲዳማ ሥራ ጀመሩ። ለብዙ ዓመት የለፉበት ፍሬው ጥቂት ነበር። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ አባረራቸው። የመጨረሻዎቹ በ1929 ዓ.ም. ከሶዶ ሲወጡ ወላይታ ውስጥ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ማንበብ የሚችለው እጅግ ጥቂት፣ የተተረጎመው መጽሐፍም ቁራጭ ቁራጭ ነበር። በሰው ሒሳብ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ከጦርነቱ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው ሕዝብ 10,000 ያህል ሆኖ ተገመተ።

ማን አባዛቸው? የታሰሩ፣ የተገረፉ፣ ግን በመሐላቸው የተዋደዱ ሰዎች ናቸው ያባዟቸው። አንዱ ሲታሰር ሌላው ስንቅ ያቀብላል፤ እርሻውን ያርስለታል። የሚያየው ጎረቤት ይገረማል። ዘመድ ለዘመዱ ቢደርስ ማን ይገረማል? እነዚህ ግን ዘመድ ላልሆነም ሲደርሱ ታዩ። ከእነዚህ መካከል የወጡ ወንጌላውያን በእግራቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ ሄዱ። ቋንቋቸው ከጋሞኛ ጋር ወንድማማች ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ያስቸገረው ሌላ ነው፤ እነዚህ ጎረቤታሞች ቀድሞ ባለፉት ነገሥታት ዘመን የሚተዋወቁት በጦርና በምርኮ ጭምር ነበር። አያቱ ለዘመቻ የወጣበትን ተራራ የልጅ ልጁ ለወንጌል ወጣው። ከተማረው ይልቅ የተሻገረው ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኖች ተዘጉ፤ አማኞችም ታሰሩ። ደርግ ሲወድቅ በሮቹ ተከፈቱ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጊዜ በያኔው ጋሞ ጎፋ ዞን ከግማሽ የሚበልጠው ሕዝብ ፕሮቴስታንት፣ ከቀሪውም አብላጫው ኦርቶዶክስ ሆኖ ተመዘገበ።

እዚህ ላይ ስለ ጨንቻ አፕል ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ከአርባ ምንጭ ሙዝና ማንጎ ተነሥታችሁ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ብትወጡ ጨንቻ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አፕልን ወደዚያ ደጋ ያመጡት ሚሲዮናውያን ናቸው፤ ያስፋፋችው ደግሞ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ናት። በኋላ ፍሬውም ችግኙም ትልቅ ገቢ ሆነ። በዶኮ ለብዙ ጊዜ ተቀምጣ ያጠናችው አንትሮፖሎጂስት ዴና ፍሪማን አንድ ነገር አስተውላለች። ወደ አዲሱ እምነት የገባው ገበሬ ለ«ሀላቃነት» ማዕረግ የሚደገሰውን ያን ከባድ ድግስ ተወ፤ ገንዘቡን አጠራቅሞ ሌላ ሥራ ላይ አዋለ። ሀብትም አገኘ።

ወዳጄ ዓይኑ በራ። «አየህ! እግዜር ሲቀርብ ኑሮም ይሞላል» አለ።

ቆይ አልኩት። ያ ድግስ ከንቱ ወጪ ብቻ አልነበረም። ያለው ለሌለው የሚያካፍልበት፣ ሀብታሙ «ይህ ሀብት የእኔ ብቻ አይደለም» ብሎ በአደባባይ የሚመሰክርበት መንገድም ነበር። እሱ ሲቀር ገበሬው ተረፈው፤ ማኅበሩ ግን ሳሳ። አንድ ቤት ውስጥ መስቀልን የሚያከብርና የማያከብር ወንድማማቾች ተቀምጠው በየፊናቸው መብላት ጀመሩ። ጋሞ «ዮ ማስቃላ» ብሎ ዓመቱን የሚቀበለው ከአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሳይቀር ሸማኔ ልጆቹን ጠርቶ፣ የተጣላውን አስታርቆ ነው። ታዲያ በእግዚአብሔር ስም የተጣሉትን ማን ያስታርቃቸው? አፕሉን ማንም አይጠላም። ግን ጓሮህ በአፕል ሞልቶ ጎረቤትህን የማታውቀው ከሆነ፣ አንተ ራስህ እንዳልከው ነው፤ ሁሉ ሞልቶ አንተ ትጎድላለህ።

ይህን ስል ወዳጄ ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንዳሰበ ገብቶኛል። በአባታቸው ቤት ውርስ ምክንያት ከታላቅ ወንድሙ ጋር ከተኮራረፉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። በእናታቸው ተዝካር ላይ እንኳ አንዱ ሲገባ አንዱ ወጥቷል። ስለዚህ ጉዳይ አንሥቼበት አላውቅም ነበር። አሁንም አላነሣሁም። የመጨረሻውን ታሪክ ብቻ ነገርኩት።

መስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩና በአካባቢው ሰዎች ተገደሉ፤ ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ሽመናቸውን ይዘው ለዓመታት የኖሩበት መንደር በአንድ ሌሊት ባዕድ ሆነባቸው። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። በከተማው የሚኖሩት ኦሮሞዎችና ንብረታቸው ኢላማ ሊሆኑ ነው። ያን ጊዜ አገራችን በየቦታው እንዴት እንደምትነድ ታስታውሳላችሁ። አንድ ክብሪት ብቻ ነበር የቀረው።

የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ነጭተው በእጃቸው ያዙ። መጡና በወጣቶቹ ፊት፣ መንገዱ መሐል ተንበረከኩ። በአባትነታቸው ዱላ ሊያነሡ፣ ሊቆጡ፣ ሊራገሙ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ልጆቻቸውን በጉልበታቸው ሆነው ለመኑ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሳር ይዞ ተንበርክኮ ሳለ እሱን አልፎ የሚሄድ የለም። ወጣቶቹም አላለፉም። ተመለሱ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ አባቶች የሞቱባቸው ዘመዶች ነበሯቸው። ኀዘኑ የራሳቸው ኀዘን ነው። ይቅርታ መጠየቅ ካለበትስ እነሱ ናቸው የሚጠየቁት። ጉልበታቸውን ያጠፉት ግን እነሱ ሆኑ።

ወዳጄ ተከራካሪ ነውና «ይኼኮ ባህል ነው እንጂ ክርስትና አይደለም። ከክርስትናም በፊት የነበረ ነው» አለ።

ልክ ነው። ሳሩ ከወንጌል በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሰባኪም «አረማዊ ነው» ብሎ ሊነቅፈው ይችላል። እኔ ግን የማቴዎስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ ላይ ጌታ ስለ መባ የተናገረው ትዝ ይለኛል። መባህን ይዘህ መሠዊያው ድረስ ከመጣህ በኋላ የተቀየመህ ወንድም እንዳለ ቢታወስህ፣ ስጦታውን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ወደ እሱ መሄድ አለብህ። ቅደም ተከተሉ ገባችሁ? መጀመሪያ ወንድም፣ ከዚያ መሠዊያ። እኛ በ2,000 ዓመት ውስጥ ያላደረግነውን ቅደም ተከተል የአርባ ምንጭ ሽማግሌዎች በአስፋልት ላይ አደረጉት። ከመካከላቸው ኦርቶዶክሱ የትኛው፣ ፕሮቴስታንቱ የትኛው እንደነበር ያን ቀን የጠየቀ አልነበረም። ተንበርክኮ ሲታይ ሁሉም አንድ ቁመት ነው።

እንግዲህ የጋሞ ታሪክ የሚለኝ ይህን ነው። አባ ባሕርይ ንብረታቸውን አጡ፤ ራሳቸውን ግን ለመመርመር ደፈሩ። ኤሳ ታሰረ፤ ሰውን ግን ከፍርሃት ፈታ። የወላይታ ወንጌላውያን ተገረፉ፤ ግን ወደ ጥንት ባላንጣቸው ተሻገሩ። ሽማግሌዎቹ ወገናቸው ሞተ፤ ግን ተንበረከኩ። ከእነዚህ አንዱም በእኛ ሚዛን «የሞላለት» አልነበረም። ሕይወታቸው ግን ሙሉ ነበር። እኛ እግዚአብሔር የጎደለንን እንዲሞላልን እንቀርባለን፤ እነሱ የያዙትን ለማስቀመጥ ቀረቡ። አንዱ ኩራቱን፣ አንዱ ፍርሃቱን፣ አንዱ ቂሙን አስቀመጠ። በሞላ እጅ ሌላ ነገር አይያዝም። እኔም ራሴ በየእሁዱ ሁለት እጄን ሞልቼ እየሄድኩ «ስጠኝ» የምል ሰው ነኝና ይህን ስናገር ለወዳጄ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ፀሐይዋ ከጀርባችን ወደ ጋሞ ተራሮች ስትገባ የሐይቆቹ ቀለም ተቀየረ። ድፍርሱም ጥሩውም አንድ ዓይነት ወርቅማ ሆኑ። ድልድዩ ግን ጠቁሮ፣ ጎልቶ ታየ። ከአንዱ ሐይቅ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሰው በእግሩ የሚሄድበት ተራ መሬት ነው። እግዜር ዘረጋው ቢባልም በላዩ መራመድ የሰው ሥራ ነው።

ወዳጄ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ወደ መኪናችን ስንመለስ ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ ዳር አንድ ጭብጥ ሳር ነጨ።

«አዲስ አበባ እስክንደርስ አይደርቅም?» አለኝ።

«ይደርቃል» አልኩት። «ጉልበትህ ግን አብሮህ ይደርሳል።»